የአባባ ያፌት ከፊል ለቅሶ

አባባ ያፌት አርባ ሁለት በመቶ መሞታቸው የተረጋገጠው ማክሰኞ ጠዋት፣ ገንፎአቸውን እየበሉ ሳለ ነው። ሰው ስንት በመቶ እንደሞተ የሚለካውን ሚዛን ደረታቸው ላይ የለጠፉት የእድሩ ዳኛ አቶ ናሆም ናቸው። ቁጥሩ መዳፋቸው ላይ ወጥቶ እስኪረጋ ጠበቁ፤ ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁና «ነፍስ ይማር» አሉ። አባባ ያፌትም ማንኪያቸውን አስቀምጠው፣ እንደ ወጉ አንገታቸውን ሰበር አድርገው «ነፍስ ይማር» አሉ። ቀጥለው ቅቤ እንዲጨመርላቸው ጠየቁ።

ልጃቸው አዛለች ቅቤውን ጨመረችላቸውና ወደ ዳኛው ዞረች።

«አርባን አለፈ ማለት ነው?»

«በሁለት አለፈ። እንኳን...» አሉ አቶ ናሆም። እንኳን ደስ ያለሽ ሊሉ ኖሯል፤ አፋቸውን በጊዜ ሰበሰቡት። «እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

በደሴ ሰው እንዲህ በቁርስ ሰዓት፣ በከፊል መሞት ከጀመረ ቆይቷል። ድሮ፣ ሽማግሌዎች እንደሚያወሩት፣ ሰው ጧሪ ቀባሪ እንዳያጣ ልጅ ይወልድ ነበር። አሁን ሁለቱ ሥራ ተለያይቷል። መጦሩን ኩባንያ የሚያከራየው፣ የሚሰማና የሚናገር የቤት ግድግዳ ይዞታል፤ መቅበሩን እድሩ። ግድግዳው በየወሩ ይቀበላል፤ እድሩ ሲሞቱ ይሰጣል። በመሃል ያለው ጊዜ፣ ሰው ሳይሞትም ሳይኖርም የሚቆይበት፣ የልጅ ዕዳ ነው። የመርሳት በሽታ በየቤቱ እየገባ ያ መሃል ሲረዝም አባላቱ እድሩ ላይ ጮኹ። «ሰዎቻችን እየተቆረሱ ሲሄዱብን፣ እናንተ ሙሉውን ሬሳ ካላየን አንከፍልም ትላላችሁ» አሉ። እድሩም ተሰብስቦ፣ በከፊል ለሞተ በከፊል ይከፈል ብሎ ወሰነ። ከአርባ በመቶ በታች የሞተ ግን እንደ ጤነኛ ይቆጠራል። ያን ያህልማ ያልሞተ ማን አለ ተብሎ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አልተነካም፤ ያለ ለቅሶ ገንዘብ አይወጣም። ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ አባል መጥቶ ይቀመጣል፣ የቀረ ይቀጣል። ለከፊል ሟች ድንኳኑ ባንድ ወገን ክፍት ነው። ማልቀስ ይፈቀዳል፤ ደረት መምታት ግን ከሰባ በመቶ በላይ ለሞተ ነው። የማጽናኛውም ቃል ተሻሽሎ «የሄደውን ነፍስ ይማር፣ የቀረውን ያቆይልሽ» ሆኗል። ሕዝቡ መጀመሪያ ሰሞን አፉን ይይዘው ነበር፤ አሁን ለምዶታል። ሰው የማይለምደው የለም።

አዛለች የእድሩን ገንዘብ የፈለገችው ለግድግዳው ነው። ሥራዋ ሆጤ ሰፈር፣ ተሳፋሪ በሚያመላልሰው የአየር ገመድ ጣቢያ ላይ ነው። ጣቢያው ራሱን በራሱ ይሠራል፤ ሕጉ ግን በየጣቢያው አንድ ሰው ይኑር ስለሚል፣ እሷ ሰው ሆና ትቀመጣለች። አንገቷ ላይ የተንጠለጠለው መታወቂያም «ሰው» ነው የሚለው። ተሳፋሪ ሲያልፍ ቀና ብላ ታየዋለች፤ ሥራው ይኸው ነው። እሷ ሰው ሆና በምትውልበት ሰዓት አባቷን የሚጠብቀው ግድግዳው ነው። ምድጃ ያጠፋል፣ በር ይዘጋል፣ ሲጠይቁት ይመልሳል።

አባባ ያፌት የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው። «ሶልያና የት ሄደች?» ይላሉ።

ሶልያና ሚስታቸው ናቸው። ካረፉ ቆይተዋል።

ግድግዳው ለዚህ ሁለት ዓይነት መልስ አለው። እውነቱ ርካሽ ነው፤ ከመደበኛው ክፍያ ጋር ይመጣል። «ባለቤትዎ ወይዘሮ ሶልያና አርፈዋል» ይላል በጥሩ ድምፅ፤ የፍራሽ ማስታወቂያም ያስከትላል። ደጉ መልስ ግን ውድ ነው። «ገበያ ሄደዋል፤ ይመለሳሉ» ለማለት ኩባንያው በውሸቱ እንዳይጠየቅ መድን መግባት አለበት፤ መድኑን የሚከፍለው ደንበኛው ነው። አዛለች መጀመሪያ እውነቱን ነበር የገዛችው። ማታ ስትመለስ አባቷ ሲረዱ የዋሉትን መርዶ ሁሉ ረስተው፣ ዓይናቸው ብቻ አብጦ፣ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ታገኛቸዋለች። «ምን ሆንክ አባባ?» ስትላቸው፣ «እኔስ ምን አውቄ። የሆነ ነገር ሆኜ መሰለኝ» ይሏታል። ይህን ከሰማች ወዲህ ደጉን መልስ ትገዛለች። የእናቷ ወርቅ ሄደ፤ ፍሪጁ ተከተለ፤ ምሳዋንም ተወች። የተከፈለው የሚያልቀው እሑድ ነው። ካልታደሰ ግድግዳው ወደ እውነቱ ይመለሳል።

ረቡዕ ዕለት ለንስሐ አባቷ ለአባ ኢዮስያስ ደወለች።

«አባ፣ ለቅዳሜ ሊመጡልን ይችላሉ?»

«ስንት ናቸው?»

«አርባ ሁለት።»

ከወዲያ በኩል የሚያልፍ ባጃጅ ይሰማል።

«ልጄ» አሉ አባ ኢዮስያስ፣ «በመቶኛ የሚፈታ ነፍስ መጽሐፉ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም። እመጣለሁ። ፍትሐት ግን አልጀምርም፤ ቁጭ ብዬ ንፍሮ እበላለሁ።»

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ድንኳኑ ደጃፍ ተተከለ። በደንቡ ከፊል ሟች ለቅሶው እስኪያልቅ እቤት ይቆያል፤ ያየው እንደሆነ ሊከፋው ይችላል ተብሎ። አባባ ያፌት ግን ድንኳን እያዩ እቤት የሚቀመጡ ሰው አይደሉም። የሞት መርዶ በስልክ መላክ ከመጀመሩ በፊት ዕድሜያቸውን ሙሉ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። ለቅሶ ለእሳቸው ሙያ ነው። ሚዛኑ ደረታቸው ላይ እንደተለጠፈ፣ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ብቅ አሉ። አንዱን አግዳሚ ወንበር ገፋ አድርገው መተላለፊያ አበጁ። ጥግ ይዘው ካርታ የሚጫወቱትን ወንዶች ቆም ብለው አዩዋቸው።

«ምነው እናንተ? ሬሳው ሳይወጣ ካርታ?»

ሰዎቹ ካርታውን ከጋቢያቸው ሥር አደረጉት። አባባ ያፌት ከመግቢያው አጠገብ፣ የሐዘንተኛ ቦታ ላይ ተቀመጡ። ለቀስተኛ ሲገባ ብድግ ይላሉ፣ እጅ ይነሣሉ፣ ቦታ ያሳያሉ። ለቀስተኛውም «የሄደውን ነፍስ ይማር» ብሎ አዛለችን ይጨብጥና፣ አባባ ያፌት ጋ ሲደርስ ዓይኑን የሚጥልበት ያጣል። ሰውየው ራሱ እጁን ይዞ «አብሽር፣ አብሽር» ሲለው ምን ይበል?

«ማን ነው ያረፈው?» አሉ አባባ ያፌት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ሁሉም ወደ ንፍሮው አየ።

«ንገሩኝ እንጂ። ስሙን ሳላውቅ እንዴት ላልቅስለት?»

«ያፌት ነው» አሉ እትዬ ሂክማ። የቅርብ ጎረቤት ናቸው፤ የሰፈሩ ለቅሶ አምልጧቸው አያውቅም፣ ሰውም ከምላሳቸው አያመልጥም።

«የቱ ያፌት?»

«ጥሩምባ ነፊው ነዋ።»

«የሶልያና ባል?»

«እሱው።»

አባባ ያፌት ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «እኔን! እኔን ይድፋኝ ያፌትዬ!» አሉና አለቀሱ። ለዛ ያለው፣ የሰው እንባ የሚጠራ የድሮ ልቅሶ ነበር። ለከፊል ሟች ከንፈር መምጠጥ ብቻ የለመዱት ሴቶች ሳያስቡት ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አመጡ።

«እንዴት ያለ ሰው ነበር ጋሼ?» አለ ከካርታ ተጫዋቾቹ አንዱ።

«ደግ ነበር። ትንሽ ይዋሻል። ጃንጥላዬን ወስዶ አልመለሰም።» አፍንጫቸውን ጠረጉ። «ግን ሶልያናን የመሰለች ሴት አግብቶ መሞት ምን የሚሉት ነገር ነው? እኔ ብሆን አልሞትም ነበር።»

ሳቅ ተነሣና በየነጠላው ሥር ታፈነ። አቶ ናሆም መዳፋቸውን አዩ። «አርባ አንድ» አሉ ለራሳቸው።

«ለመሆኑ ሶልያና የት ሄደች?» አሉ አባባ ያፌት፣ ዞር ዞር ብለው። «መበለቲቱ የት ነው ያለችው?»

መስኮቱ ክፍት ነበር። ግድግዳው ሰማ።

«ወይዘሮ ሶልያና ገበያ ሄደዋል። ይመለሳሉ» አለ፣ በዚያ በተከፈለበት ደግ ድምፅ።



«ባሏ ሞቶ ገበያ?» አሉ አባባ ያፌት። «ሶልያና? ሐሰት! ማን ነው ይህን የሚያወራ? ለጎረቤት ዶሮ እንኳ የምታለቅስ ሴት እኮ ናት። የባሏ ለቅሶ ላይ ከሌለችማ...» ቆም አሉ። ጣታቸው ጋቢያቸው ጫፍ ላይ ቀረ። «ከሌለችማ የለችም ማለት ነው» አሉ ቀስ ብለው።

አሁን አላለቀሱም። አንዴ ራሳቸውን ነቀነቁና አማተቡ።

«ሚዛኑ!» አሉ አቶ ናሆም፣ ደንግጠው። መዳፋቸው ላይ ያለው ሠላሳ አራት ነበር፤ ከዚያም ይወርዳል።

እትዬ ሂክማ አዛለችን በክርናቸው ጎሰሙ። «አንቺ ልጅ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? አስገቢያቸው! ገንዘብሽን ባፋቸው እያፈሰሱት ነው!»

አዛለች ተነሣች። አባቷን ደግፋ ልታስገባ እጇን ስትዘረጋ፣ እጇን በሁለት እጃቸው ተቀበሉት።

«እህቴ፣ ዘመድ ነሽ?» አሏት።

«ልጁ ነኝ።»

«የያፌት?»

«የያፌት።»

«አብሽሪ» አሉ። «ጥሎሽ ሄደ ብለሽ እንዳታዝኚበት። የተወሰደና ጥሎ የሄደ አንድ አይደለም። ብዙ ቤት መርዶ ነግሬአለሁ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።»

ልታስገባቸው የመጣችው ልጅ አጠገባቸው ቁጭ አለች። የእትዬ ሂክማን ክርን ረሳችው።

አቶ ናሆም ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ደንብ የያዘ ሰው ናቸው። «እንግዲህ ወገኖቼ፣ ሟች ከአርባ በታች ወርደዋል። ለቅሶው አይጸናም። ድንኳኑ ይነሣ።»

«ንፍሮው ተቀቅሎ?» አሉ እትዬ ሂክማ። «ሕዝብ ሥራ ፈትቶ መጥቶ? ወላሂ ነውር ነው።»

«እትዬ ሂክማ፣ ያለ ሟች እኮ ለቅሶ የለም።»

«ሟች ጠፍቶ ነው? ይህቺን ልጅ መዝኗት እስቲ! እሷ ካልሞተች እኔ ልሙት። ሰርግ አታውቅ፣ ማኅበር አታውቅ፣ ጥርሷን ካየነው ስንት ክረምታችን!»

አቶ ናሆም ለማብረድ ያህል ነው ያደረጉት። ሚዛኑን ከአባትየው ደረት አንሥተው አዛለች ደረት ላይ፣ ከመታወቂያዋ ጎን ለጠፉት። መዳፋቸውን አዩ። ነቅለው በእጅጌያቸው ወለወሉት፤ እንደገና ለጠፉት።

«አርባ ስምንት» አሉ።

«ሥራዬ ሰው መሆን ነው እኮ!» አለች አዛለች። የሚያስቅ ነገር የተናገረች መስሏት ፈገግ አለች፤ ማንም አልሳቀም። እትዬ ሂክማ ራሳቸው አፋቸውን ይዘው ቀሩ።

አባ ኢዮስያስ ንፍሮአቸውን አስቀመጡ። «ዳኛ» አሉ፣ «ይቅር።»

«አባ፣ ደንቡ ይፈቅዳል። አባል ናት፤ ወርኃዊዋን አላጓደለችም።» ወደ አዛለች ጎንበስ አሉ። «ስሚኝ። ድንኳኑም ሕዝቡም አለ። ስምሽን አውጃለሁ፤ ሕዝቡ ያለቅሳል፤ አትሜ እጨርሳለሁ። የሚወጣው ገንዘብ ለዓመት ደግ መልስ ይበቃሻል። አንቺ ብቻ እስካትም ድረስ ዝም በይ። ልብሽ እንዳይነቃነቅ። የሞተ ሰው አይናገርም፤ ከተናገረ ይቀንሳል።»

አዛለች አባቷን አየች። ነገ እሑድ ነው። ከነገ ወዲያ እሷ ጣቢያ ላይ ሰው ሆና ስትቀመጥ፣ እሳቸው እዚህ ብቻቸውን ይጠይቃሉ፤ ግድግዳውም በዚያ በጥሩ ድምፁ እውነቱን ይነግራቸዋል። አሁን የደረሱበትን ሁሉ እስከ ማታ ይረሱታል። ሰኞ እንደ አዲስ ይረዱታል፤ ማክሰኞም።

«እሺ» አለች። የመጨረሻ ቃሏ እንዲሆን ነበር።

አቶ ናሆም ቆሙ። «አዛለች ያፌት፣ አርባ ስምንት በመቶ። የሄደውን ነፍስ ይማር።»

ልቅሶው አልመጣ አለ። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ስንቱ በዚያች ልጅ ደጅ ሲያልፍ አንገቱን አቀርቅሮ ነበር የሚያልፈው፤ ገብቶ ጉድሽ ምንድን ነው ያላት አልነበረም። አሁን ሳያፍር አልቅስ ቢሉት ከየት ያምጣው?

«ማን አላችሁ?» አሉ አባባ ያፌት።

ወደ እትዬ ሂክማ ዞሩ።

«ማን?»

«አዛለች» አሉ እትዬ ሂክማ፤ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ለዘበ።

«የቷ አዛለች?»

«የእርስዎ ልጅ፣ ጋሽ ያፌት።»

አባባ ያፌት ቁጭ ባሉበት ቆዩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ስሙን ቀስ እያሉ፣ እንደ ትኩስ ነገር እየቀመሱት ነበር። «ጫማዋን ሁልጊዜ አፈራርቃ የምታደርገዋ?» አሉ። «ቀኙን በግራ? ስነግራት ‹እንዲህም ይሄዳል› የምትለኝ?»

አዛለች መሬት መሬቱን አየች። አርባ ሰባት። አርባ ስድስት። አቶ ናሆም ባይናቸው ለመኗት። ጥርሷን ነከሰች፤ ጣቢያውን አሰበች፣ ባዶ ወንበር፣ የሚያልፍ ገመድ። ቁጥሩ ቆመላት።

አባባ ያፌት ተነሡ። ማንም ሳይዛቸው ድንኳኑን አልፈው፣ ክፍት በሆነው ወገን ወጥተው ከመንገዱ ዳር ቆሙ። ጥሩምባ የለም። ሁለት መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ገጥመው፣ ፊታቸውን ወደ ጦሳ ተራራ አደረጉ።

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» አሉ። ያ ድምፅ ከዚያ ሽማግሌ ደረት ይወጣል ብሎ የገመተ አልነበረም። የገመዱ ተሳፋሪዎች ሳይቀሩ ወደ ታች አዩ። «የጥሩምባ ነፊው የያፌት ልጅ፣ አዛለች ያፌት...»

ቀጣዩ ቃል «አርፋለች» ነው። በሺህ በር ላይ ያሉት ቃል ነው። አፋቸው ተከፍቶ ቆየ። ቃሉ አልወጣ አላቸው። መዳፋቸውን ከአፋቸው አወረዱ፤ ወዲያና ወዲህ አዩ። ከዚያ፣ መሸት ሲል ልጁ ከጨዋታ ያልገባችለት አባት እንደሚጣራው፣ ግማሽ በቁጣ ግማሽ በስጋት ተጣሩ።

«አዛለች! አንቺ አዛለች! ነይ ግቢ እንጂ፣ መሽቷል!»

አቶ ናሆም ማኅተሙን አንሥተው ነበር። «ዝም» አሏት በሹክሹክታ፤ «አንዲት ደቂቃ፣ ልጄ፣ አንዲት ደቂቃ ብቻ።»

«አዛለች!»

«አቤት!» አለች አዛለች። ተነሥታ ነበር። «አቤት አባባ! መጣሁ!»

ስትሮጥ ሚዛኑ ከደረቷ ወድቆ ንፍሮው ሰሐን ውስጥ ገባ። አቶ ናሆም መዳፋቸውን ለማየት አልቸኮሉም። ድንኳኑ ተነሣ፤ ገንዘቡም አልወጣም። ሕዝቡ ንፍሮውን ጨርሶ ተበተነ። እትዬ ሂክማ ሰሐኖቹን እየሰበሰቡ፣ «ሰኞ ወደ ሰውነትሽ ስትሄጂ እኔ እዚህ አለሁ» አሉ፤ «ሲጠይቁኝ የምመልሰውን ደግሞ ግድግዳሽን አላስፈቅድም።» ረቡዕን አባ ኢዮስያስ ያዙ። ለማክሰኞ ገና ሰው አልተገኘም።

የዚያ ቀን ለቅሶ በእድሩ ዘንድ «ሟች አልተገኘም» ተብሎ ተይዟል። በከንቱ ድንኳን ያስተከለ በደንቡ ይቀጣል። ቅጣቱን መጻፍ ግን አቶ ናሆም ረስተዋል።